ግማሽ ሲኒ የማይሞላ ጨጓራ

ባይፓስ በሚባለው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና፣ ምግብ የሚቀበለው የጨጓራ ክፍል ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ አቦል የሚቀዳበት ሲኒ በዚህ መጠን ግማሹም አይሞላም። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የተባለው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ቆርጦ ያወጣና የሙዝ ቅርጽ ያለው ጠባብ ቱቦ ያስቀራል። በሁለቱም መንገድ የታከመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ዘመድ እስኪደነግጥ ድረስ ይከሳል። ስለዚህ ዓመት ብዙ ይወራል። ስለ ሦስተኛውና ስለ አምስተኛው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው፤ ውጤቱ መሸርሸር የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው።

የመሸርሸሩ መጠን ተለክቷል። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 2,010 እና ያልተደረገላቸውን 2,037 ወፍራም ሰዎች የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች በአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ በአማካይ 32 በመቶ የሚሆነውን ክብደታቸውን ካጡ በኋላ፣ በአሥረኛው ዓመት ቅናሹ ወደ 25 በመቶ ወርዷል፤ ጨጓራቸው በቀለበት የታሰረላቸው ደግሞ ከ20 ወደ 14 በመቶ። ቁጥሮቹ ሕክምናውን አያጣጥሉም፤ ያልታከሙት ሰዎች ክብደት ከሞላ ጎደል ባለበት ሲቆይ፣ በታከሙት ዘንድ ሞት ቀንሷል። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው የሰጠው ነገር በራሱ እንደማይጠበቅ ያስረዳሉ።

መንሸራተቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ረሃብ ጠፍቶ ይከርማል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው በስሊቭ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነውና። ቀጥሎ ሰውነት ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ይላመዳል፣ ፍላጎት ይመለሳል፣ በአንድ ጊዜ የሚበላውም መጠን ቀስ በቀስ ያድጋል። ይህ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ማንንም አያስወቅስም። ሳይታይ የሚያልፈው ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ሥጋው አልወርድ ሲል፣ ቆጮው ደረት ላይ ሲቆም፣ ታካሚው ሳያስበው ወደ ለስላሳና ወደ ፈሳሽ ነገር ያዘነብላል። ጠባብ ጨጓራ የሚያግደው ጠጣሩን ነው፤ ጣፋጭ ሻይ፣ ቪምቶ የፈሰሰበት የአቮካዶ ጁስ፣ ብስኩት በወተት ያለ ከልካይ ያልፋሉ። ሐኪሞች መብልና መጠጥ ቢያንስ በግማሽ ሰዓት እንዲራራቁ የሚያዝዙትም ፈሳሹ ምግቡን አጥቦ እንዳያወርድና ጥጋቡን እንዳያሳጥር ነው። በዚህ ዓይነት፣ ጠጥቶ እንጂ በልቶ ያልወፈረ ሰው፣ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ ያምናል።

ቡታጅራ ለስዊድኑ ጥናት ዓይነት የረጅም ጊዜ ቆጠራ እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአካባቢው ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞትን በተከታታይ መመዝገብ የጀመረው፣ የውፍረቱ ጥናት የመጀመሪያ ታካሚዎቹን በተቀበለበት በዚያው በ1987 ነው። ስዊድን በቤቷ የጥጋብን ጣጣ ስትመዝን፣ እዚህ በምታግዘው መዝገብ የእጦትን ታስቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ተንቀሳቅሷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ2000 3 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ፤ የ2016ቱ ሲተነተን በገጠር 4፣ በከተማ 21 በመቶ ይሆናል። በዚያው ዓመት 22 በመቶዎቹ ከልክ በታች ቀጫጮች ነበሩ። አዲሱ ችግር አሮጌውን አልተካውም፤ ላዩ ላይ ተደረበ።

በዚህ የተነሣ ታካሚው የሚመለስበት ማዕድ ገና ክሳትን በበሽታ የሚተረጉም ማዕድ ነው። ለዐረፋም ሆነ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ አገር ቤት የገባ ሰው በር ላይ የሚቀበለው ጥያቄ «ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነበር?» የሚል ነው። ክትፎው በጣባ ይቀርባል፣ ጎኑ አይብና ጎመን አለ፣ ቆጮው ተቆርሶ ተደርድሯል። በሥነ ምግብ ዓይን ሲታይ ማዕዱ ራሱ ጠላት አይደለም። ሥጋውና አይቡ፣ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ለታዘዘለት ሰው፣ ፍለጋ የማያስኬዱ ምግቦች ናቸው። ጥንቃቄ የሚሻው ፕሮቲን እምብዛም የሌለበት፣ በአብዛኛው ስታርች የሆነው ቆጮ ነው፤ ጠባቡን ቦታ ቀድሞ ከያዘ ለሥጋው አይተርፍም። ቅቤውም በግራም 9 ካሎሪ ይዞ በማንኪያ የማይቆጠር ሆኖ ይገባል። ነገር ግን ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው የአበላሉ ሥርዓት ነው። አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ የማንም ድርሻ አይታወቅም፤ ጉርሻ ሲመጣ ደግሞ የጉርሻውን መጠን የሚወስነው የሌላ ሰው እጅ ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቆርሶ፣ አልሞ አኝኮ፣ ፋታ ሰጥቶ እንዲውጥ የታዘዘ ሰው፣ በትልቁ በተጠቀለለ የእናት ጉርሻ ፊት ምርጫው ሁለት ነው፦ ማስቀየም ወይም ማስመለስ። (በቀንድ ማንኪያ በየጣባው መብላት፣ ሳይታሰብ፣ ለዚህ ሰው የተሻለ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።)

ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይብሳል። በ1999 በወጣው የቡታጅራ ጥናት፣ ከተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች ግማሾቹ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹም 80 በመቶ የሚሆኑት ለጸሎት ትኩረት እንደሚረዳቸው ተናግረዋል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ፣ ክብደቱ እንዳይመለስ ለሚፈራ ሰው እንደ አጋዥ ሊታይ ይችላል። ስሌቱ ግን ተገልብጦ ይገኛል። መጀመሪያ ምሳው ይዘለልና ከምሳው ጋር ፕሮቲኑ ይቀራል። የጨጓራ ባዶ መሆን ይዘገያል፤ ድርቀቱም በጥቂት በጥቂቱ ብቻ መጠጣት የሚችለውን ሰው ይብስ ያሠቃየዋል። አፍ ሲደርቅ የሚጠጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሃ አይደለም። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል፤ ይህ ስኳር ባይፓስ ባለው ሰው አንጀት ላይ በድንገት ሲወርድ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ዳምፒንግ የሚባለውም ይኸው ነው። ዳምፒንግ እምብዛም የማያጋጥመው ስሊቭ ያለው ሰው ደግሞ ይህ ማስጠንቀቂያ እንኳ ብዙ ጊዜ ይቀርበታል። ለምርቃናው ማብረጃ ጨብሲ ከተከተለ፣ አልኮሉ ከባይፓስ በኋላ ከወትሮው ፈጥኖና በርትቶ ደም ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ በ2012 የወጣ ጥናት፣ የአልኮል ችግር ያለባቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት 7.6 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ አልታየም፤ ክትትል የሚላላው ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነው።

ረመዳን የራሱ ሒሳብ አለው። ቀኑን ሙሉ ያልተጠጣውን ውሃ በመግሪብና በሱሑር መካከል በትንሽ በትንሹ መመለስ፣ ሦስት ቴምር፣ ሳምቡሳና ጁስ በአንድ ጊዜ ለለመደ ቤት ቀላል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጾሙን ማዘግየት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ከውፍረቱ መመለስ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚመጣው የንጥረ ነገር እጥረት ነው። አሲዱ በቀነሰ ጨጓራ ቫይታሚን ቢ12 እና ብረት በደንብ አይወሰዱም፤ ስለዚህ የማሟያ ክኒኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው ሲጠጡ የብረቱን መወሰድ ይብስ ይቀንሳሉ፤ ምሳ ሳይነሣ ጀበና በሚጣድበት ቤት፣ አቦል ከብረት ክኒኑ ጋር ይሻማል። የተዘለለ ክኒን በማግሥቱ አይታወቅም። የሚታወቀው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ እግር ሲደነዝዝ፣ ደረጃ ሲያደክም፣ ፀጉር ሲሳሳ ነው፤ ያኔም ሰውየው ዕድሜ ነው ይላል።

ለዚህ ሁሉ መልሱ የደም ምርመራ ነው። ለብዙ ታካሚ ግን ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ያለው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ ወይም ከዚያም ርቆ ባሕር ማዶ ነው፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ሲቀር በቦታው የሚተካው በአስፋልቱ ዳር የቤት ሚዛን አስቀምጦ በጥቂት ብር የሚመዝን ልጅ ነው። ልጁ የሚያነበው ኪሎ ነው። ቁጥሩ በስድስት ወር ውስጥ ካልተነቃነቀ ታካሚው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጡንቻው ቀንሶ ስቡ ተተክቶ ሊሆን እንደሚችል ሚዛኑ አይነግረውም።