እሳቱ ሲበርድ ወዴት ተመለከትን?



ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን የወረደ ሰው የገደሉን ግርማ አይረሳውም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጥቁሩ ድንጋይ ድርብ በድርብ ተነባብሮ ይታያል። ድርቦቹ በአንድ ወቅት እንደ ወንዝ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነበሩ። ሳይንቲስቶች ዕድሜያቸውን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሱታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ከዚሁ ገደል ናሙና ወስደው በድንጋዩ ውስጥ የተቀመጠውን የማግኔት መዝገብ አንብበዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ማዕድናት፣ ልክ እንደ ኮምፓስ መርፌ፣ በጊዜው የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የምድር ማግኔት በየዘመኑ ሲገለባበጥ ስለኖረ፣ በሊማሊሞ አንዳንዱ ድርብ የዛሬው ኮምፓስ ከሚያሳየው ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ሊሰረዝ ይችላል። ምድር ተሰንጥቃ አዲስ ቅልጥ በአሮጌው ድንጋይ መካከል ሲገባ አጠገቡ ያለውን ያግለዋል። ማግኔታይት የተባለው ማዕድን ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የቀድሞ አቅጣጫውን ፈጽሞ ይለቃል፤ ሲበርድ ደግሞ በዚያን ጊዜ በዙሪያው ያለውን ይይዛል። ሙቀቱ ከዚያ ካነሰ ግን አሮጌው መዝገብ በከፊል ከሥር ይቀራል። በላቦራቶሪ ደረጃ በደረጃ ሲያሞቁት ያ የተደበቀው ብቅ ይላል።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ትዳራችንን አያስታውሰንም? «ይቅር ብዬሻለሁ» ያለ ባል በሚቀጥለው ጠብ የአሥር ዓመት በደል አንድ በአንድ ከቆጠረ፣ ይቅርታው ልቡ ድረስ አልዘለቀም ማለት ነው። ትንሽ ሙቀት ሲነካው አሮጌው ይወጣል።

ሌላም ትምህርት አለው። እሳት ብቻውን አያቀናም፤ አቅጣጫው የሚጸናው ሲበርድ ነው። ጠቡ በርዶ ቤቱ ዝም ባለበት ምሽት ወዴት እንመለከታለን? ባል ለጓደኛው፣ ሚስት ለእህቷ በደሉን እየዘረዘሩ ካመሹ ልባቸው በምሬት ይጸናል። በጌታ ፊት አብረው ከተንበረከኩ ግን ያው እሳት አዲስ ጅማሬ ይሆናል። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ በእቶኑ ውስጥ ብቻቸውን እንዳልነበሩ እናስታውስ።

እርግጥ ድንጋይ ምርጫ የለውም፤ እኛ ግን አለን። ይህን ስንል ድብደባን በይቅርታ ስም ሸፍኑ ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለው በደል ለአገልጋዮችም ለሕግም ይነገር፤ የተጎዳውም ይጠበቅ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ሳትተኙ በፊት፣ «በልቤ የያዝኩብህ አለ፤ በልቤ የያዝኩብሽ አለ» ተባባሉና አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።