ይድረስ «ቦዲ ቀይር» ለምትሉኝ

ካሜራ በያዙ ሰዎች መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወር አንድ ምክር አለ። ምክሩ አጭር ነው፤ «ቦዲ ቀይር» ይላል። ፎቶው ጨለመብህ? ቦዲ ቀይር። ፊቱ ደበዘዘ? ቦዲ ቀይር። ማንሳት ሰለቸህ? ያን ጊዜማ ቦዲ መቀየር ግድ ነው። ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም አንድ ዓይነት ክኒን የሚያዝ ሐኪም ብናገኝ ሁለተኛ ደጁን አንረግጥም ነበር፤ ይህን ምክር ግን እንደ ሊቃውንት ቃል ተቀብለን ለሌላው እናስተላልፈዋለን። እኔ አልቀበለውም። በፎቶ እንጀራውን ለማይበላ፣ ያየውን ለማስቀረት ብቻ ለሚያነሳ ሰው፣ አዲስ ቦዲ ከሚገዙት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ሊሆን ይገባዋል እላለሁ። ይህን የምለው ቁጠባ ለመስበክ አይደለም። ገንዘቡ ወደ ቦዲው ሲሄድ ሳይሠራ የሚቀር ሥራ ስላለ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል በአንድ የታወቀ ካሜራ ላይ ላቁመው። ኒኮን ዲ90 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው (የካሜራ ዕድሜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚነገር እኔም በዚያው ልጓዝ)። 12.3 ሜጋፒክስል አለው፤ ከዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራዎች መካከል ቪዲዮ በመቅረጽ ቀዳሚው እሱ ነበር፤ በዘመኑም ብዙ ተወርቶለታል። የእኔም ካሜራ እሱ ነው። «በዚህ ቀይረው» ተብሎ ከሚጠቆምልኝ ደግሞ አንዱ በ2024 መጨረሻ የወጣው መስታወት አልባው ኒኮን ዜድ50 ሁለተኛው ሲሆን፣ 20.9 ሜጋፒክስል ይዟል። ከ12 ወደ 21! ለእጥፍ ምን ቀረው ያሰኛል።

ታዲያ ሜጋፒክስል የሚቆጠረው እንደ መሬት በካሬ መሆኑን ሻጩ አይነግረንም። ሁለት መቶ ካሬ የነበረ ግቢ ሦስት መቶ አርባ ካሬ ቢሆን የአጥሩ ርዝመት በዚያው ልክ አያድግም። የዲ90 ምስል ወርዱ 4288 ነጥብ ነው፤ የአዲሱ 5568። ልዩነቱ ከመቶ 30 ገደማ ነው። በ16 ዓመት ውስጥ የምስሉ ወርድ የጨመረው ይህንኑ ነው። አሮጌው ካሜራ በመጽሐፍ ኅትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ 36 በ24 ሳንቲሜትር የሆነ ወረቀት ይሞላል። ይህ አንድን የመጽሔት ገጽ ሸፍኖ ይተርፋል። ከወዳጆቼ መካከል ባለፉት አምስት ዓመታት ከመጽሔት ገጽ የሚበልጥ ፎቶ ያሳተመ ካለ እጁን ያውጣ። አብዛኞቻችን የምናነሳው በእጅ መዳፍ ስፋት ባለው የስልክ መስተዋት ላይ ሊታይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከ12ቱም አብዛኛው ትርፍ ነው።

በጨለማ ረገድ ግን ፍርዴ እንደዚህ አይቀልም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ዲ90 እስከ አይኤስኦ 3200 ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስም ምስሉ አሸዋ እንደተበተነበት ይሻክራል። አዲሱ እስከ 51,200 እንደሚደርስ ተጽፎለታል። የተጻፈውና ለዓይን የሚስማማው አንድ ባይሆንም፣ ዘመኑ በዚህ በኩል በእርግጥ ተሻሽሏል። የሰው ዓይን ፈልጎ ፎከሱን እዚያው የሚያጸና መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ሠርግ የሚያነሳ ሰው፣ ሙሽራዋ ወደ አዳራሹ የምትገባው አንዴ ብቻ ነውና፣ ይግዛ። ጋዜጠኛ ይግዛ። የሹተሩ ዕድሜ ያለቀበትም ይግዛ። እነዚህን አልከራከርም።

ነገር ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በጧፍ ብርሃን የቆመን መዘምር ማንሳት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ወዴት ነው? ወደ ሌንሱ መሆን ነበረበት። ከካሜራው ጋር በጥቅል የሚመጣው ሌንስ ዙሙ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ባለ 50 ሚሊሜትሩ ቀላል ሌንስ እስከ 1.8 ይከፈታል። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ዋጋው ግን ከአዲስ ቦዲ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በብርሃን ድህነት የሚያማርር ሰው፣ መስኮቱን ሳይከፍት ቤቱን ሊሸጥ የተነሳ ይመስለኛል።

ደግሞም ቦዲ ብቻውን አይገባም፤ እንደ ሙሽራ ከነአጃቢው ነው የሚመጣ። ዲ90 በውስጡ የፎከስ ሞተር ስላለው የቀደሙትን ዲ የሚል ምልክት ያለባቸውን የኒኮን ሌንሶች እያሽከረከረ ያሠራቸዋል። አዲሱ ይህ ሞተር የለውም፤ በሚያገናኘው አዳፕተር በኩል ቢገጠሙለት እንኳ በእጅ ካልተዞሩ በቀር ፎከስ አያደርጉም። ስለዚህ ቦዲ የቀየረ ሰው፣ ሳያስበው፣ ደህና የነበሩ ሌንሶቹን ግማሽ አካለ ስንኩል አደረጋቸው ማለት ነው። ከዚያ አዲስ ሌንስ። ከዚያ ፋይሉ ስለሚከብድ ሰፊ ካርድ። ከዚያ የቆየው ሶፍትዌር የአዲሱን ካሜራ ጥሬ ፋይል አላውቀውም ስለሚል አዲስ ሶፍትዌር፣ እሱንም የሚሸከም ኮምፒውተር። «ቦዲ ቀይር» ያለው ወዳጅ በዚህ ጊዜ በአካባቢው አይገኝም።

ዋጋውን ካነሳን ዘንድ፣ በባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጥ ሰው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን ለመርሳት አይታደልም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ የተደረገበት ዕለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት 900 ዶላር በባንክ ዋጋ 52 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው 900 ዶላር ከ100 ሺህ ብር በላይ ሆነ። አዲሱ ቦዲ በአሜሪካ ሲወጣ ይሸጥ የነበረው በዚሁ በ900 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሌንሱና አዳፕተሩ፣ ቀረጡም፣ ወይም በሻንጣው ለሚያመጣው ዘመድ የሚከፈለው ውለታ፣ ገና አልተቆጠሩም። የኛ ደመወዝ በዚያች ሌሊት እጥፍ እንዳልሆነ የሚጠራጠር ካለ ወደ መስኮቴ ብቅ ይበል።

በዚህ ክርክር ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አንድ ተወዳጅ ንጽጽር ያቀርባሉ፤ «ገጣሚን ብዕሩ አይገጥምለትም፣ ፎቶ አንሺንም ካሜራው አያነሳለትም» ይላሉ። ከእኔ ጎን የቆመ ክርክር ቢሆንም አያረካኝም። ግጥም በከሰል ግድግዳ ላይ ቢጻፍም ግጥም ነው፤ ቃሉ ከመሣሪያው አንዳች አይወርስም። ፎቶ ግን የመሣሪያውን ድካም ሁሉ በገላው ላይ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ መሣሪያ ዋጋ የለውም አልልም። የምለው፣ አንድ ምስል ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ለሰው የሚጠቅመው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን ወይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታላቅ ሥራ በሀገራችን ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውን፣ በአህጽሮት ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. የሚባለውን፣ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ማለቴ ነው። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ፣ ከግለሰቦችም ጭምር፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ተነሡ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የሐረጉ ቀለም አይታይበትም፤ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም ከጥቁሩ ጽሕፈት በቅጡ አይለይም። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ቀለሙን ከነብራናው ጠባሳ ያሳየን ነበር። በዚህ ሚዛን ከታየ የእነዚያ ሰዎች ሥራ «ቦዲ ቀይሩ» የሚያሰኝ ነው።

ሥራውን ያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ብርሃኑ ተስተካከለ፣ ገጽ አልተዘለለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው። ፊልሙ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ፣ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት እያነበቡ፣ በውስጡ ምን ምን እንዳለ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ የማን የመሬት ስጦታ እንደሰፈረ፣ በካታሎግ ዘረዘሩት። ዛሬ የግእዝን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው የኢ.ኤም.ኤም.ኤልን ቁጥር ሳይጠቅስ ርቆ መሄድ አይችልም። ያ ቀለም አልባ ፊልም የተነበበው ስለተጻፈበት ነው፤ ስሙ፣ ቦታው፣ ዘመኑ። እስቲ ያለ ቁጥርና ያለ ካታሎግ፣ በፍጹም ቀለምና በሃምሳ ሜጋፒክስል ተነሥቶ በአንድ ከረጢት የተወረወረ የ9,000 መጽሐፍ ምስል አስቡት። ማን ይገባበታል? ማንስ ይወጣበታል?

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ፤ የምቆጨው እዚህ ላይ ነውና። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲነሡ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሲሆን፣ ካሜራ ያለን ሁሉ ወጥተን አንሥተናል። መልካም አደረግን። ግን ከእነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ስንቱ ስም አለው? የተቀረጸው የእንጨት በረንዳ የማን ቤት ነበር? በየትኛው መንገድ? በዚያ በር ፊት የቆሙት እናት ስማቸው ማን ነው፣ እዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሩ፣ ወዴትስ ሄዱ? ፋይሉ የሚለው «ዲኤስሲ 4471» ብቻ ነው። ይህን የሚያርም ቦዲ ደግሞ ኒኮንም ካኖንም ሶኒም አላመረቱም። የሰፈሩ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ዛሬ ስልክ ደውሎ «ይህ ቤት የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው ይገኝ እንደሆነ እንጃ።

ማስረጃ ለሚሻ የሚካኤል ፀጋዬን ሥራ ልጥቀስ። ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው። የምትለወጠዋን አዲስ አበባን፣ የሚፈርሱ ሰፈሮቿን፣ በጥቁርና ነጭ በተከታታይ አንሥቶ በአንድ ርእስ ሥር አሰባስቧቸዋል። እነዚያን ምስሎች ስመለከት የካሜራው ሞዴል ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ስሄድ የማገኘው አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ አንድን ነገር ሲመለከት ነው።

«አዲስ ካሜራ ስይዝ የማንሳት ፍላጎቴ ይመለሳል» የሚል ተከራካሪ ይቀረኛል፤ ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ነው። ይመለሳል፣ አልክድም። አዲስ ጫማም በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ያስኬዳል። ፍላጎቱ ሲደክም ግን ምን ሊደረግ ነው? በሁለት ዓመት ሌላ ቁጥር ይወጣል፤ ዜድ ይህ፣ አር ያ። እንዲህ ያለው ሰው የሚወደው ፎቶን ሳይሆን ካርቶን መክፈትን ነው ብል ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ቁጣው አልፎ በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያሉትን አቃፊዎች ከፍቶ ከመቶ ፎቶ አንዱን እንኳ በስም መጥራት መቻል አለመቻሉን ቢፈትሽ ለእኔ በቂ ነው።

እኔስ? ለቦዲው ይበቃ የነበረውን ገንዘብ እንዲህ ደልድዬዋለሁ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ያነሣኋቸውን መርጬ ሁለት ሁለት ቅጂ በወረቀት አሳትማለሁ። አንዱን ቅጂ ይዤ፣ ነዋሪዎቹ ወደተዛወሩባቸው ሰፈሮች በየቅዳሜው በታክሲ እሄዳለሁ፤ ለባለቤቱ እሰጥና ከሌላው ቅጂ ጀርባ የሚነግሩኝን በእርሳስ እጽፋለሁ። የታክሲው ሒሳብ ብቻውን ከአንድ ሌንስ ዋጋ የሚያንስ አልሆነም፤ ይሁን። ስሙ የታወቀው ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ ይገባል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል።

ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁና አሁንም «ምን እናስመጣልህ?» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ አስመጡልኝ፤ አንዱ ከእኔ ዘንድ፣ አንዱ ከእኅቴ ቤት የሚቀመጥ። የዲ90 ባትሪ ከተገኘም አንድ፤ የእኔው ብርድ ሲመታው ቶሎ መውደቅ ጀምሯል።