ስለ ተቃጠለው ፊውዝ

በልደታ ከቀሩት የጭቃ ቤቶች በአንዱ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠል ነበር። የተጠራውም ሠራተኛ በፊውዙ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። የቤቱ እመቤት «እጁ የተባረከ ነው» አሉ፤ እኛም ባለማወቃችን አብረን አመሰገንነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ግድግዳው ይግል፣ የተቃጠለ ላስቲክም ይሸት ጀመር።

3,500 ዋት የሚፈልግ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአምፑል ብቻ የተዘረጋ አሮጌ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ፊውዙ የሚቀልጠውም ሽቦው በግድግዳው ውስጥ እንዳይነድ ነው። ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ ሠራተኛ ስትጠሩ አስቀድማችሁ «ለምን ተቃጠለ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ባለሙያ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ገመድ ከነመሬት ሽቦው ዘረጋ፤ ፊውዙንም መለሰ። ዋጋው ከፊተኛው እጅግ ስለ በለጠ፣ እመቤቲቱ ቅር እያላቸው ከፈሉ።