የውኃን ልክ ስለ ማወቅ

አስተዋይ የሆነ ባለቤት በጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እህል እንዳለ ሳያውቅ ክረምትን አይቀበልም። ነጋዴም የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ሳይጽፍ ትርፌ ይህን ያህል ነው ለማለት አይችልም። እህልና ገንዘብ እንዲህ በጥንቃቄ ሲቆጠሩ፥ ከሁለቱ የሚበልጠውና ያለ እርሱ ነፍስ የማትቆምበት ውኃ ግን በብዙ ስፍራ ሳይሰፈር ይቀዳል፤ ሳይቆጠርም ያልቃል። ስለዚህ ነገር ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን በሐረር ከተማና በአውራጃዋ የደረሰው ነገር ነው።

የሐረር ጁገል በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በግንብ የታጠረ፥ ጥንታውያን አምስት በሮች ያሉት፥ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ከተማ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ በቀንም ከቆላና ከደጋ የሚመጣው የነጋዴ ጭነት በበር ሳይታይና ቀረጥ ሳይከፈልበት አይገባም ነበር። እንግዲህ ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ሸክም የሚያውቅ በረኛ ነበረ ማለት ነው። በኋላ ዘመን በቧንቧ ለመጣው ውኃ ግን ከምንጩ ላይ እንዲህ ያለ ትጉህ በረኛ አልቆመለትም።

ሐረር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው፥ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። የሐረማያ ከተማም ከዚያው ይቀዳ ነበር። ገበሬውም በዳርቻው ሞተር እየተከለ ጫቱን፥ ድንቹንና ካሮቱን ያጠጣ ነበር። በዙሪያው ያለው ኰረብታ ዛፉን እያጣ ስለ ሄደ፥ ጎርፍ የሚያወርደው ደለል ሐይቁን ከታች ይሞላው፥ ፀሐይም ከላይ ትመጠው ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚል ተረት አለን፤ የሐረማያ ውኃ ግን እያሳሳቀ ራሱ ሄደ። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኋላ ሐይቁ ፈጽሞ ደረቀ፤ ዓሣ ይሰገርበት በነበረው ስፍራም ከብት ተሰማራበት። የሐረር ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ከቦቴ መኪና ፊት ለመሰለፍ ተገደደ።

የሐይቁ መጉደል ተሰውሮ የቆየ ነገር አልነበረም። ገበሬው አይቶታል፤ በአቅራቢያው ያሉ ምሁራንም ጽፈውበታል። የጎደለው ነገር ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፥ ዕውቀቱን ወደ ሥራ የሚለውጥ የታወቀ ምልክት ነው፤ ይኸውም ውኃው ከዚህ ቍጥር ሲወርድ የከተማው ቧንቧ ይህን ያህል ይቀንስ፥ የመስኖው ሞተርም ይህን ያህል ቀን ያርፍ የሚል፥ ሁሉ አስቀድሞ የተስማማበት ልክ ነው። እንዲህ ያለ ልክ በሌለበት ቦታ፥ እያንዳንዱ ጎረቤቱ እስኪተው ድረስ እርሱ አይተውም። ነገሩንም በቍጥር እናስረዳ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል፥ የጎደለው ውኃ 10,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 500,000 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ሳንቲ ሜትር ግን ከጣት ስፋት ያነሰ ስለ ሆነ፥ በዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። በውኃው ውስጥ የተተከለ ዘንግ ብቻ ያውቀዋል።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውኃ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደች። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በተፈጸመው ሥራ፥ ከድሬዳዋ ወገን ከአስሊሶ ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ ከ70 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ እየተገፋ ይመጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ስትሆን፥ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸውም ከሁለቱ የሚበልጥ የደንገጎ ከፍታ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ እንስራ ውኃ በኤሌክትሪክ ኀይል ሽቅብ የወጣ ነው፤ ኀይሉ በተቋረጠ ጊዜ ቧንቧው ይደርቃል። ከዚህም በላይ የከርሰ ምድር ውኃ ከሐይቅ ይልቅ የሚያሠጋ ነው። ሐይቅ ሲጎድል ዳርቻው ይታያል፤ ጕድጓድ ሲጎድል ግን ሞተሩ ባዶ እስኪስብ ድረስ ማንም አያየውም።

ውኃን ሳይጠብቁ መኖር የሚጎዳው በማነሱ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በመብዛቱም ጊዜ ነው። ከዚያው ከሐረማያና ከደንገጎ ከፍታ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናም ወደ ሐረር ወገንና ወደ ኤረር ሸለቆ ሄዶ ለዋቢ ሸበሌ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ደግሞ በደቻቱ አሸዋ አድርጎ ድሬዳዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ደቻቱ ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ ደረቅ ነው። ነገር ግን ጁገል በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው ወር፥ ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት፥ በተራራው ላይ የዘነበው ዝናም በተኛው ሕዝብ ላይ ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ዝናም በተራራ ሲጥልና ጎርፍ ከከተማ ሲደርስ በመካከሉ ጊዜ አለ። ያ ጊዜ አጭር ቢሆንም፥ በላይኛው ሸለቆ የቆመ ጠባቂ የውኃውን መነሣት አይቶ ለታችኛው ቢነግር፥ ልጅን ከእንቅልፍ አንሥቶ ወደ ከፍታ ለማውጣት ይበቃል።

የውኃን ልክ ማወቅ ምሥጢር አይደለም። ለሐይቅ በሜትርና በሳንቲ ሜትር የተከፈለ ዘንግ ተተክሎ፥ ጧትና ማታ ይነበባል፤ ቍጥሩም ከቀኑ ጋር ይጻፋል። ለወንዝ ወርዱና ጥልቀቱ ተለክቶ፥ ውኃው በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው ርቀት ይባዛበታል። ወርዱ 10 ሜትር፥ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ወንዝ በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢሄድ፥ በየሴኮንዱ 5 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። ይህ በልዩ ልዩ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከተደገመ በኋላ ሰንጠረዥ ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠባቂው የዘንጉን ቍጥር አንብቦ ፍሰቱን ያውቃል። አሸዋማ ወንዝ ግን ጎርፍ ባለፈበት ቍጥር ወለሉ ስለሚለወጥ፥ ሰንጠረዡ እንደ ገና መታረም አለበት። ለጕድጓድም ሞተሩ ባረፈ ጊዜና በሚሠራ ጊዜ ውኃው ከምድር ስንት ሜትር እንደ ራቀ በመለኪያ ገመድ ማወቅ ይበቃል።

አንዳንድ ሰዎች የሐረማያ ውኃ በቅርብ ዓመታት ተመልሷልና ስለ ምን እንሠጋለን ይሉ ይሆናል። በእውነት ዝናሙም በዙሪያው የተሠራው የአፈርና የውኃ ጥበቃም ፍሬ አሳይቷል፤ ውኃውም ዳግመኛ ታይቷል። ነገር ግን የጠፋ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ብልህ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቍጠር ነው። የመጀመሪያውን ያደረቀው ሞተርና ደለል ዛሬም በአገሩ አለ። ሌሎችም መሣሪያው ውድ ነው ይላሉ። ዘንግ፥ ገመድና መዝገብ ግን ከአንድ የውኃ ቦቴ ዋጋ ያንሳሉ፤ ውድ የሆነው ነገር ሳያቋርጥ የሚያነብ የታመነ ሰው ነው።

በግብፅ አገር በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት፥ በ9ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የዓባይ መለኪያ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከእኛ ተራሮች የወረደው ውኃ በዚያ በክንድ እየተለካ፥ 16 ክንድ ሲሞላ በአገሩ ደስታ ይሆን ነበር፤ የመሬት ግብርም ይጣል ነበር። ካልሞላ ግብሩ ይቀር ነበር። ልብ ልንል የሚገባን ዓምዱን አይደለም። ቍጥሩ ገዢውንም ገበሬውንም የሚያስር የነበረ መሆኑን ነው።

ለሐረርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ውኃዋ የሚመጣው ከአንድ አስተዳደር እጅ አይደለም፤ ሐረማያ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ነው፥ የአስሊሶ ጕድጓዶች በድሬዳዋ ወገን ናቸው፥ ጠጪው ደግሞ በሐረሪ ክልል ነው። ስለዚህ ሦስቱ አስተዳደሮች ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር ሆነው አንድ የጋራ መዝገብ ይያዙ። ለሐይቁም ለጕድጓዶቹም ዝቅተኛውን ምልክት ይወስኑ፤ ምልክቱ በተነካ ጊዜ ማን ምን ያህል እንደሚቀንስ አስቀድመው ይጻፉ፤ በደቻቱ ላይኛ ሸለቆም የሌሊት ጠባቂ አይለይ።

ቍጥሩም በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ተዘግቶ አይቅር። በመድኃኔ ዓለም ደጅ ከቅዳሴ በኋላ፥ በመስጊዶቹም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየሳምንቱ ለሕዝብ ይነገር። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ እንጸልያለን፤ የምንጸልይለትን ነገር መጠኑን ማወቅ ከጸሎቱ ጋር የሚስማማ ነው። ካህናቶቻችን በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ እየቆጠሩ፥ አንዲት ቀን ሳይስቱ አጽዋማትንና በዓላትን ለብዙ መቶ ዓመታት ያወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ የቍጥር ትጋት ያለበት አገር፥ የሚጠጣውን ውኃ መቍጠር አቃተው ሊባል አይገባም።

እግዚአብሔር ዝናሙን በጊዜው ይስጠን፤ የሰጠንንም ቆጥረን የምንጠብቅበትን ልቡና ያድለን።