ርካሹ ሞተር ርካሽ አይደለም

ፊንጫ ሐይቅ ላይ ለጀልባችሁ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆቼ፣ «ድምፁ ምን ያደርጋል? ዋናው ዋጋው ነው» ትላላችሁ። አልስማማም!

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ ይጠጣል፤ ሳይቃጠል የቀረውን ውሃው ውስጥ ይተፋዋል። ከዚያው ውሃ ዓሣ እናወጣለን፣ ከብት እናጠጣለን። የአካባቢው ሰው በ1960ዎቹ ግጦሹን ለግድቡ ለቋል፤ አሁን ደግሞ ውሃውን እናበላሽበት? ባለ አራት ምቱ ሲገዛ ይወደዳል፣ ግን ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው።

ጫጫታው የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ወድቆ «ድረሱልኝ!» ቢል፣ የሚያጓራ ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ጀልባ ነጂ በምን ጆሮው ይሰማዋል?

የነቀምቴ ጄኔሬተር ያደነቆረን ይበቃል። ሐይቁን እንኳ እንተውለት። ከሞተሩም በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ግዙ!