ጠጠር የሌለበት የጠጠር ሕመም

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት ጥርስ አወጣጥ ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው በጫማው ውስጥ ሸሽጎ ስለሚኖረው ስለ አንድ ሕመም ልንናገር አስበናል። ይኸውም ከእግር ጣቶች ሥር፥ በመርገጫው ፊት በኩል የሚነሣው የነርቭ ሕመም ነው።

አንዲት የምናውቃቸው ወይዘሮ ግብዣ በተጠሩበት ቀን ሁሉ፥ ጥቂት እንደ ቆሙ፥ በቀኝ እግራቸው በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል እሳት እንደ ነካው ያቃጥላቸው ነበር። ጠጠር የገባ መስሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ቢያራግፉ ምንም አይገኝም። ወጌሻ ተጠርቶ ቢስብና ቢያሽ ሕመሙ ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ ከቦታው የወጣ አጥንት አልነበረምና። በኋላ ሁለቱ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ወይዘሮዋ የሥጋ ደዌ ነው ብለው ፈሩ። ለባለቤታቸውም ሳይናገሩ፥ እግራቸውን ለሚያጥቡላቸው እንኳ ሳያሳዩ ብዙ ወራት ቆዩ፤ የልጃቸው ሰርግ ሲቃረብም ታምሜአለሁ ብለው ለመቅረት አስበው ነበር።

ነገሩን የገለጠችው ታናሽ እኅታቸው ናት። «እትዬ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመው ሳለ ለምን አያምዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮዋም ቢያስቡት እውነት ሆኖ አገኙት፤ በቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃልና።

የሕመሙ ምክንያት እንዲህ ነው። ከእግር መካከል ወደ ጣቶች የሚሄዱ አምስት ረዣዥም አጥንቶች አሉ። በእነዚህ አጥንቶች ራስ መካከል ለጣቶች ስሜት የሚሰጡ ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። (ብዙ ሰው ነርቭንና ጅማትን አንድ ያደርጋል፤ ጅማት የሚያስርና የሚስብ ነው፥ ነርቭ ግን ስሜት የሚያመላልስ ነው።) ጫማው ከፊት የጠበበ፥ ተረከዙም የረዘመ ሲሆን የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይወርዳል፥ አጥንቶቹም ነርቩን ይጫኑታል። ነርቩ ዘወትር ሲጨነቅ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይወፍራል። ሐኪሞች ኒውሮማ ቢሉትም በእውነቱ ዕጢ አይደለም፥ ወደ ነቀርሳም አይለወጥም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት የእግር ሐኪም የነበረው ሉዊስ ዱርላከር ስለዚህ ሕመም ጽፎ ነበር። ስሙ ግን የቀረው በ1876 ዓ.ም. ለጻፈው ለፊላደልፊያው ሐኪም ለቶማስ ሞርተን ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ምክንያቱንም ከጫማቸው ቅርጽ መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን የደነዘዘ እግር ሁሉ ይህ ነው ማለት አይገባም። የስኳር በሽታ ነርቭን ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ከጣት ጀምሮ ያደነዝዛል። ከረዥም ጉዞ በኋላ የተሰነጠቀ አጥንትም በመርገጫው ላይ ያማል፥ እግሩም ያብጣል። ወይዘሮዋ የፈሩት የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ስለ ሆነ፥ መሸሸጉ ከበሽታው ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ሐኪሙም የእግሩን ፊት ከግራና ከቀኝ በእጁ ጨምቆ፥ በጣቶቹ መካከል ተጭኖ ይመረምራል።

ሕክምናው ከጫማ ይጀምራል። ማታ፥ እግር ከውሎ ሲያብጥ፥ በወረቀት ላይ ቆሞ የእግርን ዙሪያ በእርሳስ መሣል፥ ከዚያም ጫማውን በሥዕሉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጫማው ከሥዕሉ ከጠበበ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ከፊት የሰፋ፥ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ለጫማ ሰፊ ማዘዝ ይገባል። በውስጡም ትንሽ ለስላሳ ትራስ ይደረጋል፤ በዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትራሱ የሚያመው ቦታ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ጥቂት ወደ ኋላ፥ ወደ ተረከዝ በኩል ሲቀመጥ ነው አጥንቶቹን አራርቆ ነርቩን የሚያሳርፈው። በሕመሙ ላይ ቢቀመጥ ግን ጠጠር መጨመር ነው።

ይህ ለጥቂት ወራት ተደርጎ ካልረዳ፥ ሐኪሙ እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ በቦታው ሊወጋ ይችላል። መርፌው ሲደጋገም ከመርገጫው ሥር ያለውን ስብ ያሳሳል፥ የስኳር ሕመምተኛንም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። መጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው። ነርቩ ተቈርጦ ሲወጣ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ስሜት ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የተቈረጠው ጫፍ ተመልሶ ያማል። በእኛ አስተያየት ሰው ጫማውን ሳይለውጥ ወደ ቢላዋ መቸኰል የለበትም።

ወይዘሮዋ መርፌም ቢላዋም አላስፈለጋቸውም። ለሰርጉ ቀን ከፊቱ የሰፋ ጫማ አሰፍተው ቆመው እንግዳ ተቀበሉ። መደንዘዙ ፈጽሞ ባይለቃቸውም ማቃጠሉ በሦስተኛው ወር ቀርቶላቸዋል። አሮጌውን ሹል ጫማ ለታናሽ እኅታቸው ሊሰጡ ቢሉ፥ እርሷ አልተቀበለችም።