ሰዓት እላፊን ማመካኘት ይብቃን!

ስለ ሙዚቃችን ውድቀት በተነሳ ቁጥር አንድ የተለመደ መልስ ይሰማል፡፡ «ወርቃማው ዘመን በደርግ ሰዓት እላፊ ተቀጨ፤ ባይቀጭ ኖሮ ዓለምን ባዳረስን ነበር» ይባላል፡፡ በዚያው አፍ ደግሞ እዚህ አራዳ ላይ የኮሪያን ዘፈን በስልኩ የሚያዳምጥ ወጣት ባህሉን እንደካደ ተቆጥሮ ይወገዛል፡፡ ሁለቱም ከኃላፊነት መሸሻ ናቸው ባይ ነኝ፡፡

እስቲ ኮሪያን ራሷን እንመልከት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ሲደርስላት አገሪቱ በጦርነት እየነደደች ነበር፡፡ ከጦርነቱ በኋላ ሙዚቀኞቿ እንጀራ ያገኙት በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ለወታደሮች በመጫወት ነው፤ የኮሪያ ሮክ አባት የሚባለው ሺን ጁንግ ህዮን የወጣው ከዚያ ነው፡፡ የእኛዎቹ ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድም የታወቁት በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው፡፡ ሁለቱም አገሮች ዘመናዊ ሙዚቃቸውን በወታደር ቤት ጥላ ሥር አሳደጉ ማለት ነው፡፡

መከራቸውም ይመሳሰላል፡፡ ደርግ በ1974 ሥልጣን በያዘ በዓመቱ የፓርክ ቹንግ ሂ አገዛዝ በርካታ ዘፈኖችን አገደ፤ ሺንንም አሰረው፡፡ የሌሊት ሰዓት እላፊውም ከ1945 እስከ 1982 ዘልቋል፤ ከእኛው የደርግ ዘመን እጥፍ ማለት ነው! ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ልዩነቱ ከመከራው በኋላ በተሠራው ሥራ ነው፡፡ ኮሪያውያን በ1996 የዘፈን ቅድመ ምርመራን ሻሩ፤ በ1999 የባህል ኢንዱስትሪን የሚያበረታታ ሕግ አወጡ፡፡ ኩባንያዎቻቸው ታዳጊዎችን ለዓመታት አሠለጠኑ፡፡ በሥልጠናው ውስጥ ግፍ አልነበረም አልልም፤ ነበር፡፡ ነገር ግን ወጣቶቹ ፍርድ ቤት ሄደው ሞገቱ፤ በ2009ም መንግሥት የውሉን ዘመን በ7 ዓመት የሚወስን መደበኛ ውል አወጣ፡፡ በ2012 «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ ቢሊዮን ጊዜ የታየ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ፤ በ2018 ቢ.ቲ.ኤስ. የአሜሪካን ቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ በአንደኝነት መራ፡፡

እኛስ? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን በ2004 አወጣን፤ በ2014 አሻሻልነው፡፡ ዘፈኑ በየሆቴሉና በየታክሲው ሲለቀቅ ለደራሲው ምን ያህል ሳንቲም ይደርሰዋል? የሸክላዎቻችንን ቅርስ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ሰብስቦ ለዓለም ያሰማልን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፡፡ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ብዙ የውጭ አድማጭ ያወቃቸው በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ነው፡፡ ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀም ዓለም አቀፍ መድረክ ያገኘችው ባሕር ተሻግራ ነው፡፡ የጎደለን እንግዲህ ተሰጥኦ አይደለም፡፡

ሰዓት እላፊ አይጎዳም ማለቴ አይደለም፡፡ ጎንደር በ2023 ዳግመኛ አይታዋለች፤ አዝማሪ ከሌሊቱ ሲነጠል እንጀራው እንደሚነጠቅ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፡፡ ነገር ግን ሰዓት እላፊ ሲነሳ አዝማሪውን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ስሙን እንደ ስድብ የሚጠራ ማኅበረሰብ፣ ግጥሙን የማይቀዳ ተቋም፣ ለበዓል ብቻ የሚፈልገው ሹም! ቅኔውን በቅጽበት እየፈጠረ፣ ማሲንቆውን ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርሰው ይህ ባለሙያ ሲያልፍ እውቀቱ አብሮት ይቀበራል፡፡

ስለዚህ ወጣቱን መውቀስ ይብቃን፡፡ ይልቅስ አዝማሪውን እንቅዳው፣ እንክፈለው፣ በትምህርት ቤቶቻችን መምህር እናድርገው፡፡ ይህን ሳናደርግ «ባህላችን ሀብታም ነው» ብንል ግን ጎተራውን ለነቀዝ ትቶ በእህሉ ብዛት እንደሚኩራራ ገበሬ መሆን ነው፡፡